መጽሐፍን በድምፅ ስለ መተረክ

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ሳምንት፣ በሥነ ጽሑፍ ክበብ ስብሰባ ላይ በአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤታችን በዓል በሚከበርበት በዚህ ሳምንት የሥነ ጽሑፍ ክበባችን ተራውን ለእኔ ሰጥቶ በፊታችሁ እንድቆም ስለ ፈቀደልኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የምናገርበትን ርእስ አስቀድሜ ለአንዳንድ ጓደኞቼ ባዋያቸው፤ «ማንበብማ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስንሠራው የኖርነው ነገር አይደለም ወይ? ይህ ደግሞ ምን ንግግር ያሻዋል?» ብለው ሳቁ። እውነት ነው፤ ሁላችንም እናነባለን። ነገር ግን ለራስ ዓይን ማንበብና ለሌላ ሰው ጆሮ ማንበብ እጅግ የተራራቁ ሥራዎች ናቸው። ለራሱ የሚያነብ ሰው ያልገባውን ቃል ዘሎ ቢያልፍ የሚጎዳው ራሱን ብቻ ነው። ለሌላ የሚያነብ ሰው የዘለላት ቃል ግን ከሰሚው ትሰረቃለች፤ ሰሚውም መሰረቁን እንኳ አያውቅም።

ይህን ነገር እንዳስብበት ያደረገኝ በክፍላችን የሚማር አንድ ወንድማችን ነው። ሁላችሁም ስለምታውቁት ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም፤ እርሱም እንዳልጠራው ለምኖኛል። ዓይኖቹ አያዩም። ብሬል በጣቱ አጣርቶ ያነባል፤ ዳሩ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጻሕፍት በብሬል ተሟልተው በእጁ አልገቡም። መምህሩ በሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ወደ እርሱ የሚደርሰው የጠመኔው ድምፅ ብቻ ነው። የምንቀመጥለት ፈተና ግን ለሁላችንም አንድ ነው። ይህ ፈተና ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ በ2015 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ ለፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት አግኝተው ያለፉት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። ዓይን ያለው ብዙ ሰው በወደቀበት ሜዳ ላይ ዓይን የሌለው ልጅ መጽሐፉን እንኳ ሳያገኝ ይወዳደር ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

እንግዲህ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ አራት ተማሪዎች ሆነን መጽሐፎቹን በእጅ ስልክ እየቀረጽን እንሰጠዋለን። መጽሐፎቹ ከአማርኛው በቀር በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለ ሆኑ ድካሙ ሁለት እጥፍ ነው። ጓደኛችን ምስጋናውን አያጓድልም፤ ትችቱንም እንዲሁ። ከአንባቢዎቹ አንዱን አንድ ቀን፤ «አንተ መጽሐፉን እያነበብህልኝ አይደለም፤ እየጨረስኸው ነው» ሲለው ሰምቻለሁ። ስለ አነባበብ ከተነገሩኝ ምክሮች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ አላገኘሁም። በሌላ ቀን ደግሞ፤ «ለፈተና ብቻ አታኑሩኝ፤ ልብ ወለድም አንብቡልኝ እንጂ» አለን። የዛሬው ንግግሬ የተጀመረው ከዚህች ቃል ነው።

የነገሩን ታሪክ በጥቂቱ ላንሣ። ቶማስ ኤዲሰን ድምፅን ቀርጾ የሚያስቀምጠውን መሣሪያ የሠራው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1877 ነው። በሚቀጥለው ዓመት መሣሪያው ለምን ለምን እንደሚጠቅም ሲዘረዝር፤ በመጀመሪያ ደብዳቤ ለማስጻፍ፣ በሁለተኛ ለዓይነ ሥውራን ያለ ድካም የሚናገሩ መጻሕፍትን ለማዘጋጀት ብሎ ጻፈ። ሙዚቃን ያስቀመጠው አራተኛ አድርጎ ነበር። የሰው ልጅ ግን መዝሙሩንና ዘፈኑን አስቀደመና የሚናገረውን መጽሐፍ ከ50 ዓመት በላይ አስጠበቀው። በአሜሪካ በ1934፣ በእንግሊዝ አገር በ1935 ለዓይነ ሥውራን መጻሕፍትን በሸክላ ላይ እየቀረጹ ማደል ተጀመረ፤ በእንግሊዝ አገር ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች መካከል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ይገኙ ነበር። በአንድ የሸክላ ገጽ ላይ የሚገባው ንባብ ግማሽ ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ፤ አንድ ልብ ወለድ ለመስማት የሸክላ ቁልል ይዞ መቀመጥ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ግን ያ ሁሉ ቁልል ከጥፍር በምታንስ የስልክ ካርድ ውስጥ ይተኛል።

አገራችንም ከዚህ ጥበብ ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክ በሰም ላይ የተቀረጸ የድምፅ መልእክት ልከው ነበር፤ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም መልሱን በዚያው መንገድ በድምፃቸው ልከዋል። የንግሥቲቱ ቅጂ በራሳቸው ፈቃድ እንዲጠፋ ሲደረግ የእኛ ነገሥታት ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይኖራል።

ይሁን እንጂ በአገራችን ስለ መጽሐፍ ትረካ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠራው አንድ ስም አለ፤ እርሱም ወጋየሁ ንጋቱ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህ ታላቅ ተዋናይ በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ላይ ተረከው። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ አማርኛንም የተማሩት በዲላ ገበያ ቡና ሲሸጡ ነው። ነገር ግን ስለ ጉዱ ካሣ ሲያወሩ ከዚህ ከወናጎ መንገድ ዳር የሚኖር የቀድሞ ጎረቤታቸው ይመስላል። «እንዴት አወቁት?» ብዬ ብጠይቃቸው፤ «በራዲዮ ነዋ! የዚያን ሰዓት ሻይ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ ያንኳኳ ሰው ወዮለት» አሉኝ። እንግዲህ አስተውሉ፤ አንድ ፊደል የማያውቁ የጌዴኦ ገበሬ አንድ የጎጃም ልብ ወለድ አንብበዋል ማለት ነው። አንብበዋል የምለው ቃሉን አጥቼ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ የምናገረው ስለ መሣሪያ ሳይሆን ስለ ቋንቋችን ነው፤ መሣሪያው ቀላል ነው፤ ቋንቋው ግን ወጥመድ አለበት።

ፊደላችን ሀብታም ነው። ሆኖም አንድ ነገር ይሰውራል፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ገና አልደረሰም» የሚል ቢያጋጥማችሁ ምን ትላላችሁ? ሲላላ ሰውዬው በመንገድ ላይ ነው፤ ሲጠብቅ ግን የልደት በዓል ቀርቶናል። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ ነው። «ዋና» ሲላላ በወንዝ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ የነገሩ አለቃ ነው። «በጉ ይበላል» ሲላላ በጉ ሣር እየነጨ ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ምስኪኑ በድስት ውስጥ ነው። ዓይን በገጹ ላይ ሲሮጥ አእምሮ እነዚህን ነገሮች ሳይታወቀው ያቃናቸዋል። ምላስ ግን ከአእምሮ ቀድማ ስለምትወጣ አንድ ጊዜ ከሳተች ነገሩ ያው ተቀርጿል። «ይሰማል» የሚለው ቃል ራሱ እንኳ ሰውዬው እየሰማ ይሁን ወይም ድምፁ እየተሰማ በመጥበቁና በመላላቱ ካልሆነ አይለይም።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ችግር ከማንም በፊት ያሰቡበት ይመስለኛል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አድርገዋል። ይህ ልማድ በሌሎች ደራስያን ዘንድ አልተስፋፋም፤ እኔ ግን ለተራኪ የሚያስፈልገው ይህ ነው እላለሁ። ስለዚህ የምታነቡትን ምዕራፍ አስቀድማችሁ በእርሳስ እየያዛችሁ አንድ ጊዜ በዝምታ አንብቡት፤ አጠራጣሪ በሆነው ፊደል ላይ ነጥብ፣ ትንፋሽ በምትወስዱበት ስፍራ ጋደል ያለች መስመር፣ ተናጋሪው በሚለወጥበት ስፍራ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጻፉ። መጽሐፉ የቤተ መጻሕፍት ከሆነ በእርሳስ እንኳ አትንኩት፤ ፎቶ ኮፒው ላይ አድርጉት።

ሁለተኛው ወጥመድ የዓረፍተ ነገራችን አሠራር ነው። የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ በመጨረሻ ይመጣል። ነገሩ ይሁን ወይም አይሁን፣ ጥያቄ ይሁን ወይም ትእዛዝ የሚታወቀው ጫፉ ላይ ሲደረስ ነው። ደራሲው ስድስት መስመር የሚረዝም ዓረፍተ ነገር ጽፎ በመጨረሻ «ብሎ ጠየቀ» ቢል፤ ያልተዘጋጀ ተራኪ ስድስቱን መስመር እንደ ዐዋጅ ሲያነብ ቆይቶ በሰባተኛው ይደነግጣል። ከዚህም ሌላ፤ በንግግር ጊዜ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ የሚገለጸው ብዙውን ጊዜ ከንግግሩ በኋላ ነው። «ውጡ ከቤቴ!» የሚለውን በወጣት ድምፅ ካነበባችሁ በኋላ «አሉ አሮጊቷ» የሚል ቢከተል ምን ታደርጋላችሁ? ስለዚህ የተራኪ ዓይን ሁልጊዜ ከአፉ አንድ መስመር ያህል ቀድሞ መሄድ አለበት። ይህ ልምምድ ይፈልጋል፤ ግን ይቻላል። በሬ የሚነዳ ገበሬ ዓይኑ ከሞፈሩ ላይ ሳይሆን ከትልሙ ጫፍ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፤ ድምፅ አውጥቶ ማንበብን እንደ ራሱ የቻለ ትምህርት መቁጠር ከውጭ የመጣልን ነገር አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ውስጥ ንባብ ቤት የተባለው የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ልጁ የግእዙን ቃል ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ ወይም ተጣይ መሆኑን ለይቶ በትክክለኛው ዜማው እስኪያነብ ድረስ ወደ ሌላው አያልፍም። የቃሉ ትርጉም የሚመጣው ቆይቶ ነው። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆንሁ ይህን ሥርዓት የቀመስሁት አይደለም፤ ከጎረቤታችን የኔታ ደጅ ሲንቆረቆር ስሰማው ግን አድጌአለሁ። በእኛ በኩል ደግሞ በየጠዋቱ የዕለቱን ምንባብ ቆሞ ማንበብ የተማሪ ተራ ነበረ። ሁለቱም ዘንድ አንድ ነገር ተረዳሁ፤ ይኸውም ንባብ በአደባባይ ሲሆን ኃላፊነት ነው።

ገጸ ባሕርያትን በድምፅ ስለ መለየት ብዙ ተጠይቄአለሁ። የእኔ አሳብ ቁጥብ መሆን ነው። ፊታውራሪውን ለመምሰል ጉሮሮን መሞረድ፣ ልጃገረዷን ለመምሰል እንደ ድመት መጮህ ሰሚውን ያሥቀዋል እንጂ አያሳምነውም። አረማመዱን ትንሽ መለወጥ ይበቃል፤ ሽማግሌው ዝግ ይላል፣ ቁጡው ቃሉን ይቆርጣል፣ ዓይን አፋሯ ዓረፍተ ነገሯን ስትጨርስ ድምፅዋ ይወርዳል። ሰሚው ቀሪውን በራሱ ይሞላዋል፤ ከእናንተም አሳምሮ ይሞላዋል።

ስለ ቅላጼም አንድ ቃል ልናገር፤ ይህ ነገር ብዙዎቻችንን ስለሚያሳፍረን ነው። እኛ በቤታችን ጌዴኦፋ የምንናገር ልጆች አማርኛ ስናነብ ድምፃችን ከወዴት እንደ መጣን ያሳብቃል። ከእኛ አንዷ ተማሪ ለመተረክ ፈቅዳ ሳለ፤ «የአዲስ አበባ አፍ የለኝምና ይሥቁብኛል» ብላ ተመልሳ ነበር። «ጸሐይ» ማለት ሲያቅተን «ጠሐይ» እንላለን ብላ ነው። ነገር ግን «ጠሐይ» የሚሉ አማርኛን በእናት ቋንቋነት የሚናገሩም ሰዎች ብዙ ናቸው። ሰሚውን የሚያሳስተው ቅላጼ ሳይሆን ያለ ቦታው የጠበቀና ያለ ቦታው የላላ ቃል ነው። ይህንንም ከእኛ ይልቅ የቋንቋው ባለቤት ነኝ የሚለው ሰው፤ ሳያዘጋጅ በትዕቢት ስለሚያነብ፤ አዘውትሮ ይስተዋል። እኅታችን አሁን ከአራቱ አንዷ ናት፤ ጓደኛችንም የጂኦግራፊውን መጽሐፍ ከእርስዋ በቀር ማንም እንዳያነብለት ብሏል።

አሁን ስለ መሣሪያና ስለ ቦታ። በበይነ መረብ ላይ ውድ ማይክሮፎን ካልገዛችሁ አትጀምሩ የሚሉ አሉ። አትስሟቸው። ጥሩ የእጅ ስልክ ለመነሻ ይበቃል። ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ፣ በቀጥታ ፊት ለፊት ሳይሆን በጉንጫችሁ በኩል ትንሽ ጋደል አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ይህ «ፈ» እና «ፐ» ስትሉ የሚወጣው ትንፋሽ እንዳይመታው ነው። በላዩ ላይ ንጹሕ ካልሲ ብታለብሱት ደግሞ ይረዳል። ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስቸግረው ቦታው ነው። ባዶ ግድግዳ ድምፅን እንደ ኳስ መልሶ ይወረውራል፤ ስለዚህ መጻሕፍት የተደረደሩበት ወይም ልብስ የተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ከሰፊው አዳራሽ ይሻላል። እኛ የምንቀርጸው በመጻሕፍት ቤቱ ጓዳ ውስጥ፣ በሩ ላይ ሁለት ጋቢ ሰቅለን ነው።

ዲላ ለተራኪ የምትራራ ከተማ አይደለችም። ባጃጁ አለ፤ የቡና ጭነት መኪናው አለ፤ ዶሮው ሰዓቱን አያውቅም። የሁሉ አለቃ ግን ዝናብ ነው። በቆርቆሮ ጣራ ላይ የእኛ አገር ዝናብ ሲወርድ እንኳን ቀረጻ ጨዋታም አይሰማም፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ከሰዓት በኋላውን እርሱ ይወስደዋል። ስለዚህ ሰዓቱን መምረጥ ያስፈልጋል። እኛ የለመድነው ከትምህርት በፊት ማለዳ ነው። አንብባችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ዐሥር ሴኮንድ ያህል ዝም ብላችሁ ዝምታውን ቅረጹ፤ የክፍሉን ድምፅ ለይቶ ለማጥፋት በኋላ ይጠቅማል። ለዚህም ኦዳሲቲ የተባለ በነፃ የሚገኝ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለ፤ በትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር ላይ ተጭኗል። ቃል ሲሳሳት ቀረጻውን ማቆም አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ አጨብጭቡና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው መልሱት። ጭብጨባው በኮምፒዩተሩ ላይ እንደ ተራራ ጉብ ብሎ ስለሚታይ ስፍራውን ለማግኘት አያዳግትም።

ስለ ሆድም እንናገር፤ ሥቁ ግን ስሙኝ። ተርቦ የሚያነብ ሰው ሆዱ ሲጮህ ይቀረጻል። በልቶ ወዲያው የሚያነብ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ቆሎ በጉሮሮ ይቀራል። ከምግብ በኋላ ቆይታችሁ፣ ለብ ያለ ውሃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ ተቀመጡ። አንድ ሰዓት የሚሰማ ንባብ ለማዘጋጀት ማንበቡና ማረሙ ተደምሮ ሦስት ሰዓትም ሊፈጅ ስለሚችል፤ ቀኑን ሙሉ እተርካለሁ ብላችሁ ድምፃችሁን አትግደሉ። እኛ ከአንድ ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት አናነብም።

የመማሪያ መጽሐፍ ለዓይነ ሥውር ሲነበብ ከልብ ወለዱ የሚለይበት ነገር አለ። የገጹ ቁጥር መነገር አለበት፤ አለዚያ መምህሩ «ገጽ 84ን አውጡ» ሲሉ ጓደኛችሁ በባሕር መካከል ይቀራል። እያንዳንዱ ምዕራፍ ለብቻው ተቀርጾ ስሙ ይሰየምለት። ሥዕልና ሠንጠረዥ ሲመጣ «እዚህ ሥዕል አለ» ብሎ ማለፍ ደግሞ ጭካኔ ነው። ካርታውን ከሰሜን ጀምራችሁ፣ የሕዝብ ብዛቱን ፒራሚድ ከታች ከሰፊው ጀምራችሁ በቃል ሣሉለት። እኔ የስምጥ ሸለቆን ካርታ በቃል ለመሣል አንድ ማለዳ ሙሉ ፈጅቶብኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያንን ካርታ እኔም አልረሳውም።

በዚህ ሥራ ገንዘብ ይገኛል ወይ? ይህ ጥያቄ የማይነሣበት ቀን የለም። በአጭሩ ልመልስ። ኤ.ሲ.ኤክስ. የሚባለው ታዋቂ የአሜሪካ ድርጅት ተራኪና ደራሲን ያገናኛል፤ ዳሩ ግን የሚቀበለው በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በካናዳና በአየርላንድ የሚኖሩትን ብቻ ነው። ስለዚህ «ቤትህ ተቀምጠህ በዶላር ክበር» የሚሉትን ማስታወቂያዎች እለፏቸው። በአገራችን «ተራኪ»ን የመሳሰሉ የአማርኛ መጻሕፍትን በድምፅ የሚያቀርቡ የስልክ መተግበሪያዎች ተነሥተዋል፤ በር የሚያንኳኳ ሰው ግን ባዶ እጁን ሳይሆን ያነበበውን የሚያሳይ ጥሩ ቅጂ ይዞ መሆን አለበት። የኮምፒዩተር ድምፅም አማርኛ ማንበብ ጀምሯልና እርሱም ተፎካካሪ ነው። ጓደኛችን በስልኩ ይጠቀምበታል። «ማሽኑ አይደክመውም፤ እናንተ ግን ስለ ምን እንደምታነቡ ታውቃላችሁ» ይለናል።

በዩትዩብና በቴሌግራም ያለ ደራሲው ፈቃድ እየተተረኩ የሚለጠፉትን መጻሕፍት በሚመለከት ግን ዝም ልል አልችልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወት ሳለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለ ሆነ መጽሐፋቸው ገና የወራሾቻቸው ነው። የምትወዱትን ደራሲ መጽሐፍ ያለ ፈቃድ ተርካችሁ ማውጣት፤ ፍቅር ነው ብትሉም፤ ከእርሻው ቡና መልቀም ነው። ለመጀመሪያ የሚሆኑ ዘመናቸው ያለፈ መጻሕፍት ሞልተውላችኋል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» አለ፤ ደራሲው ያረፉት በአውሮጳ አቆጣጠር በ1947 ነው። በ1931 ዓ.ም. በስደት ሳሉ ያረፉት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መጻሕፍትም አሉ። የእነርሱ አማርኛ ለምላስ ከባድ ነው፤ ለመለማመድ የሚበጀውም ስለዚሁ ነው። ለዓይነ ሥውራን የሚዘጋጅ ንባብን በሚመለከት ደግሞ በ2013 በማራኬሽ የተፈረመ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ አገራችንም በ2020 ገብታበታለች፤ ሁለቱም በአውሮጳ አቆጣጠር ነው። ስምምነቱ ማንበብ ለተሳናቸው ሰዎች ተብሎ በሚዘጋጅ ቅጂ ላይ የደራሲው መብት እንቅፋት እንዳይሆን ለማድረግ የተደረገ ነው። ስለዚህ ለጓደኛችን የምንቀርጸውን ለእርሱ ብቻ እንሰጣለን፤ ወደ ቴሌግራም አናወጣውም።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ሌላ ነገር አለ። እስካሁን የተናገርሁት ስለ አማርኛና ስለ እንግሊዝኛ ነው። በጌዴኦፋ የታተመ ልብ ወለድ ፈልጌ በመጻሕፍት ቤታችን መደርደሪያ ላይ አንድ እንኳ አላገኘሁም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር በከተማችን ምን ያህል ደስታ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። ደኑ፣ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ትክል ድንጋዮቹም ተመዘገቡ፤ መመዝገባቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን አያቴ በእንሰቱ ጥላ ሥር የሚተርኩልን ተረቶች በማንም መጽሐፍ ውስጥ የሉም። ድንጋዩ ይቆያል፤ አያቴ ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል። እንግዲህ በዚህ በኩል መጽሐፍ እስኪጻፍ መጠበቅ አይገባንም፤ ነገሩ ተገልብጦ ድምፁ ይቅደም፤ መጽሐፉ ይከተል። ባለፈው የጥር ዕረፍት አሥራ አንድ ተረት ቀርጬአለሁ። አያቴ ከመጀመራቸው በፊት ስልኩን ትኩር ብለው አይተው፤ «ይኸ ነገር ይሥቃል?» ብለው ጠየቁኝ። «አይሥቅም» አልኋቸው። «እንግዲያውስ ለእርሱ አልተርክም፤ ልጆቹን ጥራልኝ» አሉ። የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው ተቀመጡ፤ ቀረጻው ላይም ሣቃቸው አለ። አልቆረጥሁትም።

አሁን የቀረው ሥራ ይህ ነው። ከታሪኩ መጽሐፍ ሁለት ምዕራፎች፣ ከኢኮኖሚክሱ ደግሞ ግማሹ አልተነበበም፤ ፈተናው የቀረውም ጊዜ አጭር ነው። አራታችን ብቻ አንበቃም። እኛም ስንሄድ፤ በታችኛው ክፍል ሌሎች ሁለት ዓይነ ሥውራን ተማሪዎች ስላሉ፤ ከዘጠነኛና ከዐሥረኛ ክፍል አንባቢዎች ያስፈልጋሉ። ፈቃደኛ የሆነ ሰው ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ወደ መጻሕፍት ቤቱ ጓዳ ይምጣ። አንድ ገጽ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ይዞ ይምጣ፤ የሚሰማውና የሚመርጠው ጓደኛችን ራሱ ነው። ጋቢ ያለው ሰው ጋቢም ይዞ ቢመጣ መልካም ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ባለቤቱ ለብርድ ፈልጎታልና።